አባባ፣ የምኖርበትን አገር ልንገርዎት

ይድረስ ለአባባ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን አላረዝመውም፤ የምነግርዎ ብዙ ነው።

ለእህቴ ሠርግ የላክሁት ብር እንደደረሰ ሰማሁ። "አባባ ግን አልነካውም ብለዋል" አለችኝ። "ብር ብቻ የሚልክ ልጅ ምን ያደርግልኛል? የት እንዳለ እንኳ አላውቅም። ቁጭ ብሎ ደብዳቤ ይጻፍልኝ" ብለዋል አሉ። እውነትዎን ነው። ግን ረሳን ብለው አይፍረዱብኝ። ሌሊት ሠርቼ ቀን እተኛለሁ። በዚያ ላይ ስልክ ስደውል መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ "መቼ ትመጣለህ?" የሚል ነው። የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አላለቀም። አሁን ከወጣሁ ተመልሼ መግባት አልችልም። እሱን በየሳምንቱ ከመናገር ዝም ማለት ይቀለኝ ነበር።

ሥራው ምንም አይልም። መጋዘን ውስጥ ዕቃ እንለያለን። ክፍሌ ይሞቃል፣ እበላለሁ፣ አልታመምኩም። ስለዚህ አያስቡ።

ያለሁት ቼክ ነው፤ ከፕራግ በስተምዕራብ ክላድኖ በምትባል ከተማ። ድሮ የድንጋይ ከሰልና የብረት ከተማ ነበረች። ከእሷ ትንሽ ራቅ ብሎ ሊዲትሴ የሚባል መንደር አለ። ዕረፍት ስሆን የምሄደው እዚያ ነው። አርባ ዓመት ታሪክ ያስተማሩ ሰው ነዎትና፣ ስለ ራሴ ከማወራ ስለዚህ መንደር ብነግርዎ የት እንዳለሁ የበለጠ ይገባዎታል።

በፈረንጆች 1942 አገሩ በጀርመኖች እጅ ነበር። የሚገዛው ራይንሃርት ሃይድሪክ የሚባል የናዚ ሹም ነው። ሜይ 27 ቀን ከእንግሊዝ ተልከው በፓራሹት የወረዱ ሁለት የቼኮዝሎቫኪያ ወታደሮች፣ ጋብቺክና ኩቢሽ፣ ፕራግ መንገድ ላይ ጠብቀው ቦምብ ጣሉበት። ከሳምንት በኋላ ሞተ። ይህን ሳነብ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም መጡብኝ። የእኛ ግራዚያኒ ቆስሎ ተረፈ፤ የእነሱ ሞተ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ላይ የወረደው ግን ያው ነው። የካቲት 12ን እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ፤ ለእኔ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

ሊዲትሴ የተመረጠችው በደብዳቤ ምክንያት ነው። አንድ ሰው ፋብሪካ ውስጥ ለምትሠራ ወዳጁ ደብዳቤ ይጽፋል። የፋብሪካው ባለቤት ከፍቶ ያነብና ለጌስታፖ፣ ለናዚ ሚስጥራዊ ፖሊስ፣ ይሰጠዋል። ከግድያው ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ምርመራው ግን ሊዲትሴ ወደሚኖር ሆራክ ወደሚባል ቤተሰብ መራቸው። ከዚያ መንደር ሁለት ልጆች፣ አንዱ የሆራክ ሌላው የስትሺብርኒ፣ አገራቸው ስትያዝ ተሰደው እንግሊዝ አየር ኃይል ውስጥ ይዋጉ ነበር። ጌስታፖ ቤቱን ፈተሸ፤ መሣሪያም ሌላም አላገኘም። አባባ፣ እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ልቤ ይቆማል። የቤተሰቡ ጥፋት በስደት ያለ ልጅ መውለዱ ነበር።

ጁን 9 ማታ መንደሩ ተከበበ። በማግስቱ፣ በእኛ ሰኔ 3 ቀን 1934 መሆኑ ነው፣ ወንዶቹን በሙሉ ወደ ሆራክ ግቢ ወሰዷቸው። ጥይት ነጥሮ ተኳሾቹን እንዳይመታ ግድግዳው ላይ ፍራሽ ደገፉ። መጀመሪያ አምስት አምስት፣ በኋላ አሥር አሥር እያቆሙ 173 ወንዶች ረሸኑ። የመንደሩ ካህን ዮሴፍ ሽተምበርካ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከምእመናናቸው ጋር ሞቱ። የደብረ ሊባኖስን መነኮሳትና አቡነ ጴጥሮስን አስታወሱኝ። የመንደሩ ብዙ ወንዶች ክላድኖ ማዕድንና ብረት ፋብሪካ ይሠሩ ነበር። ያን ሌሊት ተረኛ የነበሩትም አልተረፉም፤ በኋላ ተይዘው ፕራግ ተረሸኑ። እኔም ሌሊት ተረኛ ነኝ። ጠዋት ከሥራ ስወጣ እነሱን የማላስብበት ቀን ጥቂት ነው።

ቤቱን ሁሉ አቃጠሉት። የቅዱስ ማርቲንን ቤተ ክርስቲያን በፈንጂ አፈረሱ። መቃብሩን ቆፈሩ፣ ኩሬውን ደፈኑ፣ የወንዙን መሄጃ ቀየሩ። ሲያፈርሱም በካሜራ ይቀርጹ ነበር። ያ ፊልም ከጦርነቱ በኋላ ናዚዎች በተከሰሱበት ኑረምበርግ ፍርድ ቤት ራሳቸው ላይ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ።

ሴቶቹንና ልጆቹን እዚሁ ክላድኖ አንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ አስገቧቸው። ከሦስት ቀን በኋላ ልጆቹን ከእናቶቻቸው ቀምተው ሴቶቹን ራቨንስብሩክ ወደሚባል እስር ካምፕ ላኩ። ልጆቹን ፖላንድ፣ ሎድዝ ወሰዷቸው። ከዚያ ሆነው ለዘመዶቻቸው ካርድ ጽፈዋል። ጫማ ላኩልን፣ ልብስ ላኩልን፣ ዳቦ ላኩልን ይላል። ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም። ሄልምኖ በሚባል ቦታ 82 ልጆች በጋዝ ተገደሉ።

ይህን ለእማዬ አያንብቡላት። ለእርስዎ ብቻ ነው።

ጦርነቱ ሲያልቅ 143 ሴቶች ተመለሱ። ብዙዎቹ የባሎቻቸውንና የልጆቻቸውን ነገር የሰሙት ያኔ ነው። ተፈልገው የተገኙት ልጆች 17 ብቻ ናቸው። አንዷ ማሪያ ዶለዣሎቫ ትባላለች። ስትወሰድ አሥር ዓመት ሊሞላት የተቃረበ ልጅ ነበረች። ለጀርመን ቤተሰብ ተሰጥታ በሌላ ስም አደገች። በ1946 ወደ እናቷ ስትመለስ እናቷ በሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል ተኝተዋል። ልጅቷ ቼክኛውን ረስታዋለች። እናትና ልጅ ተገናኝተው መነጋገር አልቻሉም። እናትየው ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። ማሪያ በዓመቱ ኑረምበርግ ቀርባ መሰከረች።

አባባ፣ እሱን ካነበብኩ በኋላ ነው ስልኩን አንስቼ የደወልኩት። እህቴ ስለ ሠርጉ እያወራችኝ "እማዬ እግሯ ላይ ቁስል አለ፣ አይደርቅም" የሚል ቃል አመለጣት። ወዲያው ወሬ ለወጠች። ለምን ትደብቁኛላችሁ? እኔ የደበቅኳችሁ ነገር ካለ እንዳትጨነቁ ብዬ ነው፤ የእናንተ ግን ሌላ ነው። ስኳር ያለበት ሰው የእግር ቁስል ቀላል አይደለም። ወለላ ቀብታው እንደምትቀመጥ አውቃለሁ። "ይሻለኛል" ትላለች። እባክዎ አይስሟት።

የድሮው መንደር የነበረበት ሜዳ ዛሬ ባዶ ሣር ነው። የቤተ ክርስቲያኑና የሆራክ ቤት መሠረት ድንጋዩ ይታያል። አንድ የተረፈ የፒር ፍሬ ዛፍ አለ። የወንዶቹ የጋራ መቃብር ላይ መስቀል ቆሟል። ሸለቆውን ወደ ታች እያዩ የቆሙ የ82 ልጆች የነሐስ ሐውልቶች አሉ፤ 42 ሴት፣ 40 ወንድ። ማሪያ ኡሂቲሎቫ የምትባል ቀራፂ በ1969 ጀምራ ሃያ ዓመት ደከመችበት። በ1989 ሳትጨርስ ሞተች፤ ባሏ ቀጠለላት። የመጨረሻዎቹ የቆሙት በ2000 ነው። ሰው አሻንጉሊት እግራቸው ሥር ያስቀምጣል። ብርድ ሲሆን እንኳ ትኩስ አበባ አይጠፋም።

አዲሱ ሊዲትሴ ከፍ ብሎ ተሠርቷል፤ 150 ያህል ቤት። በእንግሊዝ አገር ስቶክ በምትባል ከተማ ያሉ የከሰል ቆፋሪዎች ከደመወዛቸው አዋጥተውለታል። ያስተባበራቸው ባርኔት ስትሮስ የሚባል ሐኪም ነው። በ1955 ከ32 አገሮች በመጣ ጽጌረዳ የአበባ ቦታ ተከፈተ። ሰኔ ላይ ሲያብብ ቢያዩት! እማዬ ግቢ ያለችው ጽጌረዳ ሽታ አለው። እዚያ ስቆም ደብረ ብርሃን ነኝ፤ ብርዱም ይመሳሰላል። ቡና ስትቆላ ጭሱ በመስኮት ሲወጣ፣ እርስዎ ጋቢዎን ተከናንበው ሬዲዮ ሲሰሙ ይታየኛል። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ዓይኔ አላስጽፍ አለኝ።

ስለ ሠርጉ ግን ልናገር። የሙሽራውን ፎቶ አየሁ፤ ፊቱ ደግ ነው። ቤተሰቦቹን ስለሚያውቁ ልቤ አርፏል። እህቴን ትቻት ስሄድ ዩኒፎርም ለባሽ ነበረች፤ ደብተሯን እኔ ነበርኩ የምለብድላት። በሩ ላይ ቆሜ ሰርገኛ አናስገባም የምለው እኔ መሆን ነበረብኝ። የአክስቴ ልጅ በእኔ ቦታ ይቁም፣ ቶሎም እንዳይለቃቸው። የእማዬን ቀሚስ ከሚገዛ ሰው ጋር ይምረጡላት፤ ለራሷ ስትሆን ርካሹን ነው የምታነሳው። እህቴን "ወንድምሽ ቀረብሽ" እያላችሁ አታስለቅሷት።

አንድ የምለምንዎ ነገር አለ። ሊዲትሴ የሞቱት ሁሉ በስም ይታወቃሉ፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም። የእኛ ግን አያቴ ሲነግሩን የሰማሁት የካቲት 12 አዲስ አበባ ሄደው የቀሩ አጎታቸው ስማቸው ማን ነበር? የት ሰፈር ነበር ያረፉት? ሌሎች የቀሩስ? የሚያስታውሱትን ሁሉ በእጅዎ ይጻፉልኝ። እርስዎ ካልጻፉት የሚያውቅ የለም። እህቴ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ፤ ዋናውን ደግሞ ደብተርዎ ውስጥ ያስቀምጡት።

ብሩን ደግሞ ይንኩት፣ አባባ። መጀመሪያ እማዬን ሐኪም ቤት ይውሰዷት፤ ሰኞን አይጠብቁ። ቁስሉን ይዩላት፣ ስኳሩንም ይለኩላት። በባዶ እግሯ ግቢ አትውጣ። ለሠርጉ የሚጎድለውን በወሩ መጨረሻ እልካለሁ። እሑድ ከቅዳሴ ስትመለሱ እደውላለሁ፤ ሐኪሙ ያለውን ሳትደብቁ ንገሩኝ።

ልጅዎ
ከክላድኖ