መጀመሪያ ይለካ፦ የመኪና ኤሌክትሪክ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ድሬዳዋ ውስጥ መኪና ጠዋት አልነሳም ካለ ሰፈሩ ሁሉ «ባትሪ ነው!» ይላል። ነገሩ መሠረት አለው። የከተማችን ሙቀት ባትሪን በእርግጥ ይጎዳል። ውስጡ ያለው ውሃ ቶሎ ይተናል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ግን ባትሪ ያልሆነውም ሁሉ ባትሪ እየተባለ ብዙ ቤተሰብ ያለአግባብ ገንዘቡን ያወጣል። ክበባችን ዘንድሮ የታገለው ከዚህ ልማድ ጋር ነው። ዕቃ ከመግዛት በፊት ይለካ!

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በመልቲሜትር (የቮልትና የአምፒር መለኪያ) ልምምድ አለፈ። ሞተሩ ጠፍቶ ያደረ መኪና ባትሪው ሙሉ ከሆነ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12 ቮልት ላይ ከወረደ አልቋል ማለት ይቻላል። ሞተር ተነስቶ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ13.5 እስከ 14.5 ይነበባል። ከፍ ካላለ ባትሪውን መሙላት ያለበት ዲናሞ አይሞላም፤ እሱን የሚያዞረው ቺንጊያ ላልቶም ሊሆን ይችላል። እነዚህን ቁጥሮች በቃሉ የያዘ ተማሪ የሥራውን ግማሽ ጨርሷል ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ የምኮራበት ሥራ የአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪያችን ቤተሰብ መኪና ነው። አሮጌ ኮሮላ ናት። ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። አባቷ አዲስ ባትሪ ገዝተዋል፤ ችግሩ ግን እንዳለ ነው። «ኧረ አቦ፣ ባትሪው እኮ አዲስ ነው!» አሉን። ተማሪዎቹ ለኩት፤ እውነትም 12.6 ነው። ያኔ ልጃቸው የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አደረገችና «አባዬ፣ እስኪ ቁልፉን አዙረው» አለች። ከ1.5 ቮልት በላይ አነበበች። እዚያ ቦታ ላይ ከ0.3 ቮልት በላይ መታየት አልነበረበትም።

ምክንያቱን ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሠሩት ራሳቸው ናቸው። ሞተሪኖ ሲዞር ከ100 አምፒር በላይ ሊስብ ይችላል። 150 አምፒር ብንል፣ ኤሌክትሪኩ በሚሄድበት መንገድ ላይ 0.01 ኦም ተቃውሞ ብቻ ቢጨመር 1.5 ቮልት እዚያው ይቀራል። ክፍል ውስጥ ሲያሰለቻቸው የነበረው የኦም ሕግ ይኸው ነው፦ አምፒር በኦም ሲባዛ ቮልት። ገመዱ ከሞተሩ ጋር የሚታሰርበት ቦታ ዝጎ ነበር። ፈትተው በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉት፣ መልሰው አጠበቁት። መኪናዋ በአንዴ ተነሳች። የአባትየውን ፊት ላየ ሰው የክበቡ ጥቅም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሌላዋ መኪና ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን ከቆመች ባትሪዋ ያልቃል። እዚህ ላይ የተለካው ቮልት ሳይሆን አምፒር ነው። ሁሉም ነገር ጠፍቶ፣ በሮች ተዘግተው፣ መኪናዋ ትንሽ ከቆየች በኋላ ከባትሪው የሚወጣው ከ50 ሚሊአምፒር እንዳይበልጥ ይጠበቃል። እኛ ያገኘነው 600 ነው። በቀን 14 አምፒር-ሰዓት ይበላል ማለት ነው፤ ባለ 45 አምፒር-ሰዓት ባትሪ እንዴት ይቻለው? ፊውዞቹን አንድ በአንድ ስንነቅል ቁጥሩ የወረደው የቴፑ ፊውዝ ሲነሳ ነው። ቴፑን የገጠመው ሰው በቁልፍ መጥፋት ያለበትን ገመድ በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኝቶታል። ገመዱ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ አለቀ።

ስለ ጥንቃቄ ለወላጆችም መናገር እፈልጋለሁ። ባትሪ ሲፈታ ኔጌቲቩ ይቀድማል፣ ሲታሰር መጨረሻ ይሆናል። አጠገቡ ሲጋራም ሆነ ክብሪት አይቀርብም፤ ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጂን ይፈነዳል። የተቃጠለ ፊውዝ ከፍ ባለ አምፒር አይተካም፤ ገመዱ ራሱ ይቃጠላል። ዲናሞ ይሠራ እንደሆነ ለማየት ሞተር እየሠራ የባትሪ ገመድ መንቀል ደግሞ ይቅር። ብዙዎች እስከ ዛሬ ያደርጉታል። በድንገት የሚዘለው ቮልት የዲናሞውን ዳዮዶችና የመኪናውን ኮምፒዩተር ሊያቃጥል ይችላል። መልቲሜትር እያለ ይህን ያህል አደጋ ለምን?

ሚያዝያ ላይ የደንገጎን ዳገት ወጥተን ሐረር ሄድን። የከተማዋን የድሮ ፔጆ 404 ታክሲዎች ለማየት ነው። ኮፈኑን የከፈተልን ሾፌር እግዜር ይስጠው፣ ልጆቹ እስኪጠግቡ ጠበቀን። ገመዶቹ ጥቂት ናቸው፣ እያንዳንዱ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ በዓይን ይታያል። እንደዚያ ያለ ማስተማሪያ መጽሐፍ አይገኝም።

ዘንድሮ ጎልቶ ያየሁት ሌላው ነገር የሴት ተማሪዎቻችን ብርታት ነው። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መልቲሜትሩ ከእጃቸው አልወጣም።

ለ2018 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪና እንጨምራለን። የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ከተማው ውስጥ ይታያሉ። እነሱም ቢሆኑ መብራትና ክላክስ የሚያሠራ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው። የምንነካው እሱን ብቻ ነው። ብርቱካናማዎቹ ወፋፍራም ገመዶች ከፍተኛ ቮልት ስለሚሸከሙ ከሩቅ ይታያሉ እንጂ አይነኩም።

ምዝገባ መስከረም ላይ ነው። ቤቱ የተቀመጠ አሮጌ ዲናሞ ወይም ሞተሪኖ ያለው ወላጅ በልጁ ይላክልን። ባይሠራም ግድ የለም፣ ፈታትተን እንማርበታለን።