ሥራህን ትተህ ስለ መመነን ለጻፍህልኝ

ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 3 ቀን

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜና ባልንጀራዬ፤

እንደምን ከርመሃል? እኔም ቤተ ሰቤም ከብርዱ በቀር ምንም አልሆንንም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከተጻጻፍን ረጅም ጊዜ ሆነ፤ ድምፅ እንኳ ሳንሰማማ ክረምቱ ወጥቶ በጋው ገባ። በመጨረሻ የላክህልኝ ደብዳቤ ግን ከእጄ አልወጣም። በግምጃ ቤት ኃላፊነትህ ላይ ሆኖ እንደ ክርስቲያን መኖር የማይቻል መስሎ ስለታየህ፣ ሥራህን ለቅቀህ ወደ ደብረ ሊባኖስ ልትገባ እንደምታስብ ጽፈህልኝ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር በስልክ መመለስ ስላልወደድሁ፣ ሳስብበት ቆይቼ ይህን ጻፍሁ።

አስቀድሜ፣ ምንኵስናን የማቃልል እንዳይመስልህ። እኔና አንተ ያደግንበት አገር የገዳማት አገር ነው፤ ቡልጋ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያፈራች ምድር ናት፤ ወላጆቻችንም ስንቃቸውን ቋጥረው ወደ ጻድቃኔ ማርያም ሲሳለሙ እያየን አድገናል። የተጠራ ሰው ይግባ፤ ለእኛም ይጸልይልን። የአንተ ደብዳቤ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለ ሞዴል 19፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ለመግባቱ ስለሚቆረጠው ደረሰኝ፣ የሚናገር ነው። ያልገባ ዕቃ ገብቷል ብለህ እንድትፈርም አለቃህ ሲያስጨንቅህ፣ እንቢ በማለትህም ባልደረቦችህ «ጻድቁ» እያሉ ሲያላግጡብህ፣ ያን ጊዜ ገዳም ትዝ አለህ። ይህ ፈተና ባይመጣብህ ኖሮ ስለ ገዳም ታስብ ነበርን? ይህን ለራስህ መልስ።

እኔ ይህን ነገር ባሰብሁ ቁጥር የሚታወሰኝ መጥምቁ ዮሐንስ ነው። ከእርሱ የበለጠ መናኝ ከወዴት ይገኛል? የግመል ጠጉር ለብሶ፣ አንበጣና የበረሃ ማር እየበላ በይሁዳ ምድረ በዳ ኖረ። ቀራጮች ሊጠመቁ መጥተው «ምን እናድርግ?» ብለው በጠየቁት ጊዜ ግን፣ ሥራችሁን ትታችሁ ከእኔ ጋር በበረሃ ተቀመጡ አላላቸውም፤ ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ አላቸው። ጭፍሮችም ቢጠይቁት በማንም ላይ ግፍ እንዳይሠሩ፣ ማንንም በሐሰት እንዳይከስሱ፣ ደመወዛቸውም እንዲበቃቸው ነገራቸው። ይህ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ተጽፎ ይገኛል። የዚያ ዘመን ቀራጭ ሥራው በሕዝብ ዘንድ የተጠላ፣ ለመዝረፍም እጅግ የተመቸ ነበር፤ የአንተ ግምጃ ቤት ከዚያ የከፋ አይመስለኝም። ባሕታዊው ወደ መዝገባቸው መለሳቸው፤ በመዝገቡ ላይ ግን እንደ ቀድሞው እንዲጽፉ አልፈቀደላቸውም።

አሁን ጾመ ነቢያት ላይ ነን። ኅዳር 15 ቀን ገብቶ በልደት የሚፈታው ይህ ጾም በእኛ አገር ከአጨዳና ከውቂያ ጋር ይገጥማል፤ ገብሱና ባቄላው ከአውድማ ወደ ገበያ የሚወርድበት ወቅት ነው። ከተማችን ስትጾም ታውቃታለህ፤ ሥጋ ቤቱ ጭር ይላል፣ ቅቤና ወተት ከቤት ይርቃል፣ ነጠላውን ያጣፋ ሰው በማለዳ ብርድ ወደ ሥላሴ ይጎርፋል። ይህን ሁሉ ከልቤ እወደዋለሁ። ነገር ግን ጾሙን በስማቸው የምንጠራቸው ነቢያት የተናገሩትን ስናነብ ደንግጠን መቆም ይገባናል። ኢሳይያስ በምዕራፍ 58፣ እየጾሙ ሠራተኞቻቸውን የሚያስጨንቁትን ይወቅሳል፤ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም የበደልን እስራት መፍታት፣ እንጀራን ለተራበ መቁረስ፣ ስደተኛውን ድሀ ወደ ቤት ማስገባት እንደሆነም ይናገራል። ከቀያቸው የተፈናቀሉ ወገኖች በተጠለሉባት ከተማ ለምንኖር ለእኛ ይህ የሩቅ ዘመን ቃል አይደለም፤ ኪራይ ሊጨምርባቸው ሲችል ያልጨመረ አከራይ በእውነት ጾሟል እላለሁ።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን አሞጽ በምዕራፍ 8 የገሠጻቸው እህል ነጋዴዎች ነገር ነው። መስፈሪያውን ለማሳነስ፣ በሐሰተኛ ሚዛን ለማታለል፣ የስንዴውን ግርድ ሳይቀር ለድሀ ለመሸጥ ቸኩለው «ሰንበት መቼ ያልፋል?» ይሉ ነበር። አስተውል፤ እነዚህ ሰዎች ሰንበትን አልሻሩም። እስኪያልፍ ድረስ ሱቃቸውን ዘግተው ይጠብቁ ነበር። ሥርዓቱን የሚያይ ሰው ምንም ነውር አያገኝባቸውም፤ ነውራቸው የተገለጠው እህል ሲሰፍሩ ነው። ከቅዳሴ ወጥቶ የቀን ሠራተኛውን «ማክሰኞ ተመለስ» የሚል ሰው፣ ጾመኛ ሆኖ ሳለ የቤት ሠራተኛውን ደመወዝ የሚያጓትት ሰው፣ ከእነርሱ በምን እንደሚለይ ማስረዳት ይቸግረኛል።

እኔ ገብስ የምገዛቸው ከተጉለት ወገን የሚመጡ አንዲት እናት አሉ። ከመስፈራቸው በፊት ቁናውን ገልብጠው ቂጡን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉታል፤ ከሞላም በኋላ አፉን በክንዳቸው አይጠርጉትም፤ እህሉ በዙሪያው እስኪፈስስ ድረስ በእጃቸው ይከምሩበታል። ባለፈው የገበያ ቀን አንድ ሰው ከጆንያቸው ዘግኖ አይቶ፣ ወድዶት ሊገዛ ሲል፣ «ይሄኛውን ዝናብ ነክቶታል ልጄ፣ ለቆሎ አይሆንህም» አሉት። ሰውየው አላስተዋለም ነበር። አመስግኖ ከእርሳቸው አጠገብ ካለው ሻጭ ገዝቶ ሄደ። ለምን ነገሩት ብዬ ብጠይቃቸው፣ ጥያቄው ራሱ ገርሟቸው «የሚበላው ሰው ነዋ!» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ስለ ሃይማኖታቸው ሲያወሩ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም።

ደግሞስ ገዳም ብትገባ ከፈተና የምታመልጥ ይመስልሃልን? አቡነ ጴጥሮስ መነኩሴም ጳጳስም ነበሩ፤ ነገር ግን አርበኞችን እንዲያወግዙ ተጠይቀው እንቢ በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተደበደቡ። አንተ ልትጠለልበት ያሰብኸው የደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኮሳትም በ1929 ዓ.ም. ግንቦት በግራዚያኒ ትእዛዝ ተፈጅተዋል። ሐሰትን እሺ እንድንል የሚጠይቀን ሰው በቆብም ሆነ በኮት ብንሆን ያገኘናል። የአንተ ፈተና ከእነርሱ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ ቢበዛ ከቦታህ ትነሣለህ፣ ዕድገትህ ይታገዳል። ይህም ቀላል ነው አልልህም፤ በተለይ በመሐል ሜዳ ያሉት እናትህ በየወሩ የምትልክላቸውን እንደሚጠብቁ አውቃለሁ፤ ለእርሳቸው ስትል ደግሞ ሥራውን በገዛ እጅህ አትጣለው።

ስለዚህ የምመክርህ ይህን ነው። አትፈርም። የገባውን ዕቃ ቆጥረህ በገባው ልክ ብቻ ሞዴል 19 ቁረጥ፤ የጎደለውን ለአለቃህ በጽሑፍ አሳውቅ፣ ግልባጩንም ለውስጥ ኦዲት አድርግ፤ አንድ ቅጂ ቤትህ ይቀመጥ። ይህን ስታደርግ ቃልህ የለሰለሰ፣ ቍጥርህ ግን ያልተነቃነቀ ይሁን። በጽድቅህም አትመካባቸው፤ አለቃህ ቢታመም ሄደህ ጠይቀው፣ የሚያላግጡብህም ሐዘን ቢደርስባቸው ከድንኳናቸው አትጥፋ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እያሉ አይደል ያሳደጉን? ይህ ሁሉ ሲያልፍ፣ ማንም ሳይገፋህ የገዳሙ ናፍቆት በልብህ ከቀረ፣ ያን ጊዜ የንስሐ አባትህን አማክር፤ እኔም ራሴ እሸኝሃለሁ።

ለገና ወደ እናትህ ስታልፍ እኛ ዘንድ እደር። ለአለቃህ የምትጽፈውን ማስታወሻ እስከዚያ ካላስገባኸው ይዘኸው ና፤ አብረን እናርቅቀዋለን።

ሁልጊዜ የሚያስብህ ወንድምህ