ዘፈኑን ሰማን፣ ስለ ሳሙናውስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ውስጥ ሱቅ አለኝ። ሳሙና፣ ዘይት፣ ፓስታ፣ ብስኩት፣ ለስላሳ እሸጣለሁ። ማስታወቂያ የሚሠራው በሬዲዮና በቴሌቪዥን ነው፤ ውጤቱ የሚታየው ግን እኔ ባንኮኒ ላይ ነው። ከዚህ በኩል የማየውን ልጻፍላችሁ።

ብዙ ደንበኛ ዕቃውን በስሙ አይጠራውም። «ያቺን የምትዘፈነዋን ስጠኝ» ይላል። ስሙ ከጠፋው ዜማውን ያንጎራጉርልኛል። በቅርቡ ከኩታበር ለገበያ የመጡ አንዲት እናት የዱቄት ሳሙና ጠየቁኝ። ሁለት ዓይነት አወጣሁላቸው። አንደኛው ቀኑን ሙሉ በሬዲዮ የሚወራለት ነው፤ ሌላውን የሚያውቀው ሰው የለም። ማሸጊያው ላይ ያለውን አነበብኩላቸው። የማይታወቀው በ50 ግራም ይበልጣል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። በደንብ አዳመጡኝና «ይሁን ልጄ፣ ግን ያኛውን አውቀዋለሁ» አሉኝ። አጥበውበት ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አያውቁም። የሚያውቁት ዘፈኑን ነው። ያንኑ ገዝተው ሄዱ።

ይህን የገጠር ሰው የዋህነት ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ሮበርት ዛዮንትስ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች ትርጉማቸውን ጨርሶ የማያውቋቸውን ቃላት ደጋግመው ባዩ ቁጥር ጥሩ ትርጉም ያላቸው እየመሰላቸው እንደሚሄድ አሳይቷል። ማንም ምንም አላስረዳቸውም። መደጋገሙ ብቻ በቃ። ጠዋት ባጃጅ ውስጥ፣ ማታ ቤታችን ያንኑ ዘፈን የሚያሰሙን ለዚህ ነው።

እኛ ወሎዎች ደግሞ በዜማ በኩል ቶሎ እንያዛለን። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በአገራችን ስም የሚጠሩ ናቸው። ሰው በትዝታ እንባው ይመጣል። በዚያ ዜማ ላይ የዘይት ስም ሲገባበት ሆዳችን ይባባል። በቴሌቪዥኑ ረከቦት ተዘርግቷል፣ ጭሱ ይጨሳል፣ እናት ፈገግ ትላለች፤ ከስኒዎቹ አጠገብ ዘይቱ ቁጭ ብሏል። ዘይቱ ከምን እንደተጨመቀ፣ ሊትሩ ስንት እንደሆነ የነገረን የለም። የወደድነው እናታችንንና ቡናችንን ነው። በዓል ሲደርስ ይብሳል። ለፋሲካም ለረመዳንም መልካም ምኞት የሚመጣልን ዕቃ ታቅፎ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን በእፍረት የሚሸጠው ነው። ይህ ዘዴ የቆየ ነው። ሊስተሪን የሚባለው የአፍ ማጠቢያ መጀመሪያ የወጣው ለሐኪሞች፣ ቁስል እንዳያመረቅዝ ተብሎ ነበር። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሰውን «አፍህ ስለሚሸት ነው ያላገባኸው» እያሉ ማስፈራራት ሲጀምሩ ገበያው ደራ። ዛሬ ወጣት ሴቶች «ፊት የሚያፈካ ክሬም አለህ?» ብለው ይጠይቁኛል። ስንት የወሎ ዘፈን ጠይሟን እያወደሰ በኖረበት አገር ልጆቻችን በጠይም ፊታቸው እንዲያፍሩ እየተደረገ ነው። ከእነዚህ ክሬሞች አንዳንዱ ለቆዳም ለኩላሊትም ጠንቅ የሆነ ሜርኩሪ ያለበት ነው። እኔ አላስገባም። ሌላ ቦታ እንደሚያገኙት ግን አውቃለሁ።

የቆርኪ ሽልማት የታወጀ ሰሞን ደግሞ ልጆቹን ማየት ነው። ሳይጠማው ሁለተኛ ለስላሳ የሚያዝ ልጅ አለ። ጠርሙሱን ከፍቼ ሳልጨርስ ቆርኪውን ከእጄ ይቀበለኛል፣ ውስጡን በጥፍሩ ይፍቃል፣ ምንም የለም። መጠጡን ግማሽ ላይ ትቶልኝ ይወጣል።

ማስታወቂያ ጭራሽ ይቅር እያልኩ አይደለም። አዲስ ሱቅ መከፈቱን፣ ጥሩ ማር መምጣቱን ሰው ካልተነገረው በምን ያውቃል? ሕግም አለን። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ሰማይ አልተደፋም። ችግሩ፣ እኔ ያነሳሁት ዓይነት ማስታወቂያ ውሸት ተብሎ አይከሰስም። «በሽታ ያድናል» ያለውን ሕግ ይይዘዋል። እናትና ቡና አሳይቶ ዘይት የሸጠውን ምን ብሎ ይጠይቀዋል?

ስለዚህ የምጠይቀው ከእናንተ ከሚዲያ ሰዎች ነው። አንድ አቅራቢ ስለ ልጆች ጤና ሲመክረን ይቆይና፣ በዚያው ድምፁ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ፣ የብስኩት ስም ይጠራል። አድማጭ ምክሩ የት እንዳበቃ አይለይም። ያመነው አቅራቢውን ነውና ብስኩቱንም አብሮ ያምናል። እባካችሁ መጀመሪያ «አሁን ማስታወቂያ ነው» በሉ። የሚያነበውም ሌላ ሰው ይሁን። ጽሑፍ ላይም ከሆነ ገንዘብ የተከፈለበትን ከላይ በትልቁ ለዩልን።

ሁለተኛ ጥያቄ አለኝ። እኔ ከሱቄ በር ላይ ካርቶን ሰቅዬ የየሳሙናውን የ100 ግራም ዋጋ እጽፍበታለሁ። ሰው ቆም ብሎ ያነባል። ማንበብ የማይችለው ከጎኑ ያለውን ያስነብባል። አንዳንዱ ሐሳቡን ይለውጣል፣ አንዳንዱ ያው የለመደውን ይገዛል፤ መብቱ ነው። እናንተም ለደሴ፣ ለኮምቦልቻና ለወልድያ እንዲህ ያለ የዋጋ ሠንጠረዥ በሳምንት አንዴ ብታወጡልን አንድ ጥግ ይበቃዋል። የደሴውን ዋጋ እኔው እየሰበሰብኩ ልልክላችሁ ፈቃደኛ ነኝ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ባለ ሱቅ፣ ከደሴ