የመኪና ክበባችን ዓመት፦ አንድ ዲፈረንሻል ፍለጋ

ዘንድሮም እንደ አምናው የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ ለኛ ክበብ አንድ ገጽ ነበር የተመደበልን፣ አዘጋጆቹን ለምኜ ሁለት አስደርጌያለሁ፣ የዘንድሮው ታሪካችን በአንድ ገጽ አያልቅማ። መቼም ቅዳሜ ልጅ ሊያወርድ የሚመጣ ወላጅ ሁሉ ከሕንፃው ጀርባ ሸራ ለብሳ የቆመችውን መኪና ሳያያት አልቀረም። ብዙ ሰው "መምህር፣ ይቺ ነገር መቼ ነው የምትነዳው?" ይለኛል፣ አንዳንዱ ደግሞ "ልጄን የላኩት አማርኛ እንዲማር ነው እንጂ ግሪስ እንዲቀባ አይደለም" ብሎኛል። ሁለቱንም ጥያቄ በቅንነት ነው የምቀበለው፣ መልሴንም እዚሁ አስቀምጣለሁ።

ለማያውቅ፣ መኪናዋ የ1930 ፎርድ ሞዴል ኤ ናት። አንድ አሜሪካዊ የሰፈር አዛውንት ጀምረዋት ጉልበት ሲከዳቸው "ልጆቹ ይጨርሷት" ብለው የሰጡን፣ ቦዲና ሻንሲ ብቻ ነበረች። እየሠራን ያለነው ሆት ሮድ ነው። ይሄ ነገር በ1930ዎቹ የደቡብ ካሊፎርኒያ ወጣቶች የጀመሩት ነው፣ ያረጀ ፎርድ ይገዙና ፓራፋንጎውን ነቃቅለው ሞተሩን አጠንክረው እንደ ሙሮክ ባሉ ደረቅ ሐይቆች ላይ ይፎካከሩ ነበር፣ ውድድሩን የሚመራው ማኅበራቸው ራሱ በ1937 ነው የተቋቋመው። ብር የሌላቸው ልጆች ያገኙትን ብረት ከያሉበት ለቃቅመው የሠሩት ሥራ ስለሆነ ለኛ ክበብ ከዚህ የሚስማማ ነገር የለም።

መደበኛውን ነገር ቶሎ ልበለው። ከመስከረም እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ በ27 ቅዳሜዎች ተገናኝተናል፣ 14 ልጆች ነን፣ አምስቱ ሴቶች ናቸው። መስከረምና ጥቅምት ዝገት ፋቅን፣ ኅዳር ላይ አንድ ወላጅ የሰጡንን ባለ ስምንት ሲሊንደር 302 የፎርድ ሞተር ከነ ባለ ሦስት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮው አስቀመጥን፣ ታኅሣሥና ጥር ብርድ ነው ያው። ሕጋችን አንድ ነው፣ መኪናዋ አጠገብ አማርኛ ብቻ። ዳዶ፣ ቡሎን፣ ካቻቪቴ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ እያልን በካርቶን ላይ በፊደል ጽፈን ግድግዳው ላይ ለጥፈናል። አንዷ ልጅ "ይሄ እኮ ጣልያንኛ ነው" አለችኝ፣ አዎ ከጣልያን የመጣ ነው ግን ስንት ዘመን የአባቶቻችን ጋራዥ ውስጥ ኖሮ የኛ የሆነ ቃል ነው፣ አባቶቻቸው የሚያውቁትን ቃል ልጆቹ ካላወቁት ማን ያውቅላቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሞተሩ ከገባ በኋላ ትልቁ ጥያቄ የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ዲፈረንሻሉ ሆነ። የሞዴል ኤ የራሷ ዲፈረንሻል የተሠራው ለ40 የፈረስ ጉልበት ነው፣ የኛ ሞተር ከ200 በላይ ነው ያለው፣ ኦሪጅናሉን ብንተወው የመጀመሪያው ነዳጅ ሲረገጥ ጥርሱ ነው የሚረግፈው። በዛ ላይ ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻሉ ጉልበት የሚያደርሰው ዘንግ፣ ካርዳኑ፣ በዝግ ቱቦ ውስጥ ነው የሚሄደው፣ ፍሬኑም በዘንግ የሚሳብ ሜካኒካል ነው፣ ስለዚህ እሱን ለመቀየር ብዙ አልተከራከርንም። ክርክሩ በምን እንቀይረው ላይ ነው።

ልጆቹን በሦስት ቡድን ከፈልኳቸው፣ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ዲፈረንሻል ይዞ በአማርኛ ይሟገታል። አንደኛው ቡድን የፎርድ ናይን ኢንች ያዘ፣ ዘጠኝ ኢንች የሚባለው የኮሮናው፣ ማለት ውስጡ ያለው ትልቁ ክብ ጥርስ፣ ስፋት ነው፣ ከ1957 እስከ 1986 ፎርድ ሲሠራው ኖሯል። ጥንካሬው አያጠያይቅም፣ ኮሮናውና እሱን የሚያዞረው ትንሹ ጥርስ፣ ፒኞኑ፣ ከፊት በኩል እንዳለ ወጥቶ ይቀየራል፣ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ፣ ሴሚያሱም፣ ጫፉ ላይ ባለው ኩሽኔታ ስለሚያዝ ቢሰበር እንኳ ጎማው ቶሎ አይወጣም። ግን ከባድ ነው፣ ጃንክያርድ (የአሮጌ መኪና ዕቃ እየተፈታ የሚሸጥበት ግቢ) ውስጥ አሁን አይገኝም ማለት ይቻላል፣ የታደሰውን ስንጠይቅ ከሺህ ዶላር በላይ ነው ያሉን፣ ለዓመቱ የተሰጠን በጀት ደግሞ በጠቅላላው 400 ዶላር ነው። ሁለተኛው ቡድን ከፎርድ ማቬሪክ መኪና ላይ የሚወጣውን ኤይት ኢንች መረጠ፣ እሱ ቀላል ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስፋቱም 56 ተኩል ኢንች ስለሆነ ለሞዴል ኤ ልክ የተሰፋ ነው የሚመስለው፣ ግን ማቬሪክ ራሱ ከ1977 በኋላ አልተሠራም፣ ያለውም ባለ ሸራ ፍሬን ነው። ሦስተኛው ቡድን ከ1995 እስከ 2001 ባለው የፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ ያለውን ኤይት ፖይንት ኤይት (ኮሮናው 8.8 ኢንች የሆነውን) ያዘ፣ እሱ በየጃንክያርዱ ሞልቷል፣ ፍሬኑ ባለ ዲስክ ነው፣ ሴሚያሱ 31 ጥርስ ያለው ወፍራም ነው። ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ ሴሚያሱን ውስጥ የምትይዘው የሲ ቅርጽ ያላት ትንሽ ብረት ናት፣ ሴሚያሱ ከተሰበረ ጎማው ይዞት ሊወጣ ይችላል። ሁለተኛ ስፋቱ 59 ተኩል ኢንች ነው፣ ለኛ መኪና ጎማው ወደ ውጪ ይወጣል፣ ፒኞኑም መሐል ላይ አይደለም ወደ ቀኝ ያጋደለ ነው።

እዚህ ጋ ነው ልጆቹ ያኮሩኝ። አንዷ የ15 ዓመት ልጅ ፎቶውን ስታይ ቆይታ "መምህር፣ የግራው ቱቦ ረዘም ያለ ነው፣ ቀኙ አጭር ነው፣ ግራውን በቀኙ ልክ ብንቆርጠውስ?" አለች። ሆት ሮድ የሚሠሩ ሰዎች ለዓመታት ሲጠቀሙበት የኖረው ዘዴ ልክ እሱ ነው፣ የግራው ቱቦ ሦስት ኢንች ገደማ ይቆረጣል፣ ከሌላ ኤክስፕሎረር ሁለተኛ አጭር የቀኝ ሴሚያስ ይገዛል፣ ፒኞኑ ወደ መሐል ይመጣል፣ ስፋቱም 56 ተኩል ይሆናል። እኔ ይሄን ዘዴ አውቀው ነበር፣ ግን አልነገርኳቸውም። ድምፅ ተሰጠ፣ 11 ለ3 ኤክስፕሎረሩ አሸነፈ።

የጥርሱን ሬሾ፣ ማለት ጎማው አንዴ ሲዞር ፒኞኑ ስንት ጊዜ እንደሚዞር፣ ለመምረጥ ደግሞ ሰሌዳ ላይ ሒሳብ ሠራን። ፍጥነቱ በማይል ሲባዛ በሬሾው፣ ሲባዛ በ336፣ ሲካፈል ለጎማው ቁመት በኢንች፣ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ይነግርሃል። የኛ ጎማ 28 ኢንች ስለሆነ 336 ለ28 ልክ 12 ነው፣ ቀሪ የለውም። በ65 ማይል 4.10 ቢሆን 3,198 ዙር፣ 3.73 ቢሆን 2,909፣ 3.55 ቢሆን 2,769፣ 3.27 ቢሆን 2,551 ይመጣል። ካምቢዮው ኦቨርድራይቭ (በፍጥነት ሲነዳ የሞተሩን ዙር የሚቀንስ ማርሽ) የለውም፣ ሀይዌይ ላይ ሞተሩ እንዳይጮህብን፣ ከመብራት ስንነሳም እንዳንጎተት 3.55 ተባለ።

እዚህ ጋ አንድ ውድቀታችንን ልናገር። ጃንክያርድ ከመሄዳችን በፊት አንድ ሻጭ "ደህና ዲፈረንሻል አለኝ" ብሎ 150 ዶላር ወሰደብን፣ ስንለካው ቱቦው የተጣመመ ነው፣ ስልኩንም አላነሳ አለ። በዛ ቅዳሜ ልጆቹ ምንም ሳይናገሩ ነው ወደ ቤታቸው የሄዱት። የቀረችው ብር ጃንክያርዱን እንደማትችል ሳይ ከአስተማሪዎች ቡና መጠጫ ላይ ሰብስበን ሞላነው።

መጋቢት ላይ ዕድሜያቸው የሚፈቅድላቸውን ስድስት ልጆች ይዤ ወደ ፍሬድሪክስበርግ አቅጣጫ ወደ አንድ ጃንክያርድ ሄድን። ከነሱ አንዱ ዝምተኛ የሆነ የ16 ዓመት ልጅ ነው፣ አትጻፈው ስላለኝ ስሙን አልጽፍም። ሁለት ዓመት አማርኛ ክፍል ተቀምጦ ከሃያ በላይ ሲቆጥር ሰምቼው አላውቅም፣ ስጠይቀው አንገቱን ይደፋል። የዛን ቀን መኪና ስላነሰን አባቱ ሊያደርሱን መጡ፣ ሌሊቱን ታክሲ ነድተው ያደሩ ሰው ናቸው፣ ዓይናቸው ቀልቷል። "እኔ መኪና ውስጥ ትንሽ ጋደም እላለሁ" አሉኝ።

ኤክስፕሎረሩን አገኘነው፣ ግን በሩ ላይ ያለው የኮድ ወረቀት ተልጧል፣ ዲፈረንሻሉ ላይ የምትንጠለጠለው ቆርቆሮም ዝገት በልቷታል። ሬሾው 3.55 ይሁን 3.73 በምን ይታወቅ። ልጆቹ ስልክ ላይ መፈለግ ጀመሩ። ለካ አባትየው እንቅልፍ እምቢ ብሏቸው ከኋላችን ቆመው ያዩ ነበር። ጃኬታቸውን አወለቁ፣ ካርቶን አነጠፉ፣ ገቡ። "ጠመኔ አላችሁ?" አሉ። የፒኞኑ ጫፍ ላይ አንድ መስመር፣ የፍሬን ዲስኩ ላይ አንድ መስመር አሰመሩ። ዲስኩን በእጃቸው ሲያዞሩት የዚያኛው ጎን ዲስክ አብሮ በአንድ አቅጣጫ ዞረ፣ "አያችሁ፣ ይሄ ሁለቱንም ጎማ አንድ ላይ የሚጎትተው ነው፣ እድለኞች ናችሁ" አሉ። ከዛ ልጃቸውን ጠሩት። "ና እስቲ ግባ። እኔ ዲስኩን አስር ጊዜ አዞራለሁ፣ አንተ ይቺን መስመር እያየህ ፒኞኑን ቁጠር። አንድ ጊዜ አይበቃም፣ በአንድ ዙር ሁለቱ አይለዩም፣ በአስር ግን ይለያሉ።"

ልጁ በጀርባው ተኝቶ ገባ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ጀመረ፣ ድምፁ አይሰማም ነበር። ሃያ ላይ ሲደርስ እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። ሃያ አንድ አለ። ቀጠለ። ሃያ ዘጠኝ ላይ ቆመ፣ አባቱም እጃቸውን ከዲስኩ ሳያነሱ ቆሙ፣ አልነገሩትም፣ ዝም ብለው ጠበቁት። "ሠላሳ" አለ። "ሠላሳ!" አሉ አባቱ፣ መዞሩ ቀጠለ። ሠላሳ አምስት ካለ በኋላ መስመሯ ግማሽ ዞራ ስትቆም "ሠላሳ አምስት ተኩል፣ አባዬ፣ ሠላሳ አምስት ተኩል ነው!" ብሎ ጮኸ። ሠላሳ አምስት ተኩል ለአስር፣ 3.55 ማለት ነው፣ የመረጥነው ራሱ።

ከዛ በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል የዛገ ቡሎን ስንፈታ አባትየው አልተኙም። ልጁ "አባዬ ይሄን የት ነው የተማርከው?" ሲላቸው ሰማሁ። ሶማሌ ተራ አጠገብ የአጎታቸው ጋራዥ ውስጥ ከአስራ ሁለት ዓመታቸው ጀምሮ እንደሠሩ ነገሩት። ልጁ ሰምቶ አያውቅም ነበር። ሴሚያስ የሚለውን ቃል እየደጋገመ ሲላቸው ነበር እስክንመለስ። እኔ ወደ ሌላኛው መኪና ሄጄ ትንሽ ቆሜ ነው የተመለስኩት፣ ዓይኔ ሞልቶ ነበር።

ዲፈረንሻሉን በ180፣ ሁለተኛውን አጭር ሴሚያስ በ30 ዶላር ይዘን መጣን። ቀጥሎ ሌላ ችግር ገጠመን፣ እዚህ ግቢ ውስጥ መበየድ ስለማይፈቀድልን ቱቦውን አንድ ቦታ ወስደን አስቆርጠን አስበየድነው፣ ሙቀቱ ቱቦውን አጣመመውና ሴሚያሱ አልገባ አለ። የቶርኖ ሥራ ያላቸው አንድ የክፍል ሦስት ልጅ አባት ከመሐል እስከ ጫፍ ድረስ ማስተካከያ ዘንግ አስገብተው በነጻ ደግመው ሠሩልን፣ እግዜር ይስጣቸው። ግንቦት መጨረሻ ላይ ዲፈረንሻሉ መኪናዋ ሥር ገባ።

አሁን ስለ ገንዘቡ በግልጽ ልናገር። የእስክስታ ክበባችን የልብስ በጀት አለው፣ ይገባቸዋልም፣ ስናያቸው ሁላችንም እንኮራለን። ግን 14 ልጆች በጥር ብርድ በሁለት ክሪክና በአንድ የእጅ ባትሪ ሜዳ ላይ መሥራት የለባቸውም። ለመጪው ዓመት ካርዳን በልኩ ማስቆረጥ፣ የፍሬን ቱቦ፣ አራት ደህና መደገፊያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጣሪያ ያለው ቦታ ያስፈልገናል። ጋራዥ ያለው ወላጅ ካለ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሦስት ሰዓታት ብቻ ቢያውሰን ሌላውን እንችለዋለን። ያገለገለ መፍቻም ቢሆን እንቀበላለን፣ ቢሮ ለጸሐፊዋ መስጠት ይቻላል።

መስከረም የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ካርዳኑን እንለካለን። የጠመኔው መስመር ዲስኩ ላይ እስካሁን አለ፣ ማንም እንዳያጠፋው ተስማምተናል። ሜትሩን የሚይዘው ያ ልጅ ነው፣ አባቱም የቅዳሜ ፈረቃቸውን ቀይረዋል።