የቅሬታ ደብዳቤ፦ አባታችን ቅዳሜን ሙሉ ጠብቀዋችኋል

ለጥብስ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ቃል ተገብቶ ስለቀረ ይቅርታ

ጤና ይስጥልኝ።

ትናንት ማታ ከእናንተ መልእክት ደረሰኝ። «ውድ ደንበኛችን፣ ለተፈጠረው ቅሬታ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ የ10 በመቶ ቅናሽ ይደረግልዎታል» ይላል። እኔ ቅናሽ አልጠየቅኩም። ከቤተሰቤም የጠየቀ የለም። የጠየቅነው በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት አባታችንን በልጅ ልጆቻቸው ፊት የሰደበው የቦሌ ቅርንጫፋችሁ ሱፐርቫይዘር ደውሎ ይቅርታ እንዲላቸው ነው፤ ይህን ቅርንጫፉ በደንብ ያውቃል። በስልክም በአካልም ስላስረዳሁ ነገሩን ከሥር ጀምሬ አልደግመውም። ዛሬ የምጽፈው ስለ ቅዳሜው ነው።

ቤታችን እንመጣለን ያሉት ምክትል ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ናቸው። እኔ የፈለግኩት አንድ የስልክ ጥሪ ብቻ ነበር። እሳቸው ግን «አባትዎ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ይሄ በስልክ አያልቅም። ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሱፐርቫይዘሩን ይዤ ቤታችሁ እመጣለሁ፣ ጉልበታቸውን ስሞ ይቅርታ ይጠይቃል» አሉኝ። በእውነት ደስ አለኝ። ለእህቴም «ጨዋ ሰው ናቸው» ብዬ ነገርኳት። አድራሻችንን ጠየቁኝ፣ ሰጠኋቸው። የትኛው ታክሲ ማቆሚያ ጋ እንደሚወርዱ ሳይቀር አስረዳሁ።

አባታችን ዓርብ ወደ ደብረ ብርሃን ሊመለሱ ተነስተው ነበር። ለዚህ ሲሉ ቀሩ። ቅዳሜ በጠዋት ተነስተው ኮታቸውን ለበሱ፣ ጋቢያቸውን ደረቡ። እህቴ ቤቱን አጥባ ቄጠማ ጎዘጎዘች፣ ረከቦቱን አቀረበች። ቡናው ተቆልቶ ተወቅጦ ሲያበቃ አባታችን «እንግዳ እየጠበቅን አናፈላም» ስላሉ ጀበናው ሳይጣድ ቆየ። አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሆነ። ለምክትል ሥራ አስኪያጁ ስደውል ስልካቸው ይጠራል፣ አይነሳም። ስድስት ሰዓት ላይ አንዲት ሴት አነሳችው። «ዛሬ ሠርግ አለብን፣ እሳቸው አዳራሽ ውስጥ ናቸው፣ እነግራቸዋለሁ» አለችኝ። እስከ ማታ የደወለ የለም።

አባታችን ከሰዓት በኋላ ኮታቸውን አወለቁና «ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል፣ አትጨቅጭቃቸው» አሉኝ። እሳቸው እንዲህ ብለው አለፉት። እኔ ግን ማለፍ አልቻልኩም። ሠርግ መኖሩ ቅዳሜ ጠዋት የሚታወቅ ነገር አይደለም። አዳራሽ የሚያዘው ቀደም ብሎ ነው። መምጣት ካልቻሉ አንድ ደቂቃ ወስደው «አልተመቸኝም» ቢሉን ምን ነበረበት? አባታችን ዓርብ አገራቸው ይገቡ ነበር።

ሰኞ ቅርንጫፉ ደወልኩ። «ጉዳዩ ወደ ዋናው ቢሮ ተላልፏል» ተባልኩ። ዋናው ቢሮ «ቅርንጫፉን ይጠይቁ» አለኝ። ቅርንጫፉ ደግሞ «ምክትሉ ፈቃድ ላይ ናቸው» አለ። ከዚያ በኋላ የመጣልኝ ያ የቅናሽ መልእክት ነው።

ምክትል ሥራ አስኪያጁ ስለ ሱፐርቫይዘሩ «ልጁ ቀልዶ ነው» ያሉኝንም እዚህ ላይ መመለስ እፈልጋለሁ። እርስዎ ዘንድ በዚያ መልኩ ደርሶ ከሆነ የሆነው እንዲህ ነው።

ዕለቱ ዳግማይ ትንሣኤ ነበር። አባታችን 55 ቀን ሑዳዴን ጾመው፣ ፋሲካን በአገራቸው ውለው፣ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ለማየት መጡ። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ሥጋ ቤት ሁሉ እንደሚጨናነቅ እናውቃለን። ለዚህ ነው ቀድመን ቀብድ ከፍለን በረንዳው ላይ ጠረጴዛ የያዝነው። ስንደርስ ጠረጴዛው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ውስጥ፣ ስፒከሩ ሥር አስቀመጣችሁን። እሱን ዝም አልን።

ሥጋውን ያሳዩት አባታችን ናቸው። ተንጠልጥሎ ሳለ በጣታቸው አመልክተው «ከዚህ ሽንጥ ሁለት ኪሎ» አሉ። ቆራጩም «እሺ አባባ» አለ። ሸክላው ሲመጣ ግን የያዘው ሽንጥ አይደለም። የወርች ሥጋ ነው። ወርች አይበላም አልልም። በሬው የሚራመድበት ጡንቻ ስለሆነ ይጠነክራል፣ ቀስ ብሎ ለሚበስል ወጥ ግን ይሆናል። ቶሎ ገልበጥ ገልበጥ ተደርጎ ለሚወጣ ጥብስ አይሆንም። ይህን ደግሞ ሥጋ ቤት የከፈተ ሰው ከእኔ በላይ ያውቃል።

አባታችን ሥጋ የሚያውቁ ሰው ናቸው። በአገራቸው ለፋሲካና ለገና ቅርጫ ሲገባ በሬውን የሚመርጡት፣ መደቡንም የሚደለድሉት እሳቸው ነበሩ። ቅርጫ ላይ ሚዛን የለም። ከሻኛው፣ ከጎድኑ፣ ከሽንጡ፣ ከጉበቱ፣ ከጨጓራው ለእያንዳንዱ መደብ በዓይን እየተመተረ ይደረሳል። ከዚያ እጣ ይጣላል። የትኛው መደብ ለማን እንደሚወጣ ደልዳዩም አያውቅም። ጎረቤት ይህን ሥራ ለዓመታት የሰጣቸው ዓይናቸውንም እጃቸውንም ስላመነ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሽንጥና ወርች አይምታታበትም።

ሱፐርቫይዘሩን ጠርተው በዝግታ «ልጄ፣ ይሄ እኛ ያሳየነው ሥጋ አይደለም» አሉት። ያሉት ይህን ብቻ ነው። አልጮሁም፣ አልተቆጡም። እሱ ሸክላውን ጎንበስ ብሎ እንኳ ሳያይ «አባባ፣ ሥጋው ለስላሳ ነው፣ ጥርስዎ ነው» አላቸው። አጠገቡ የቆመው አስተናጋጅ ሳቀ። ከጎናችን ያሉት ሰዎች ዞረው አዩን። ወንድሜ «ምን አልክ አንተ?» ሲለው «ካልተመቻችሁ ሌላ ጥብስ ቤት ሞልቷል» ብሎ ትቶን ሄደ።

አባታችን የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው ትሪው ላይ አኖሩት። «ተዉት፣ ልጆቹ ይብሉ» አሉ። ከዚያ በኋላ አንድም አልቀመሱም። የሰባት ዓመቷ የወንድሜ ልጅ መኪና ውስጥ «አባባ ጥርስ የለውም እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ይህ ቀልድ ከሆነ ማን ሳቀበት? በማያውቁት ሽማግሌ ጥርስ፣ በልጅ ልጆቻቸው ፊት አይቀለድም።

ምክትሉ «ሥጋ ሲጠበስ ይቀንሳል፣ ደንበኛ ይህን አይረዳም» የሚል መልስም ሰጥተውኛል። ስለ ክብደቱ ያን ቀን አንድ ቃል አልተናገርንም። ግን ራሳችሁ ካነሳችሁት ልናገር። ሥጋ ሲጠበስ ውሃው ይወጣል፣ ስቡ ይቀልጣል። ከኪሎው ሩብ ያህል ቢጎድል አይደንቀንም። የሚደንቀን ሚዛናችሁ ፊቱን ወደ ቆራጩ አዙሮ መቀመጡ ነው። ቁጥሩን የሚያየው እሱ ብቻ ነው። ያሳየነው ሥጋ በተለወጠበት ቤት ኪሎውን በምን እንመን?

ሸክላውም የመጣው ከሥሩ አመድ ይዞ ነው። ከሰሉ ሞቶ፣ ሞራው ሥጋው ላይ ረግቶ ነበር። ሸክላ ጥብስ ሸክላ ጥብስ የሚባለው ፍም ይዞ እየተንቸሰቸሰ ሲቀርብ አይደል? እጅ መታጠቢያው ላይ ሳሙና አልነበረም። በእጅ በሚበላበት ቤት ሳሙና እንዴት ይታጣል? ተጨማሪ አዋዜ ስንጠይቅ ሒሳብ ተያዘብን፣ ሜኑው ላይ ግን ዋጋው የለም። ሒሳቡ ላይ ሰርቪስ ቻርጅ 10 በመቶ፣ ቫት 15 በመቶ ተደምሯል። ደረሰኝ ስንጠይቅ ካሸሯ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ብላ በእጅ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ሰጠችን። ወረቀቱ እጄ ላይ አለ። ማሽኑ ካልሠራ ቫቱ ለማን ገባ? ሰርቪስ ቻርጁስ የተከፈለው ለየትኛው መስተንግዶ ነው? አባታችንን ለሰደበው?

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በትሕትናና በአክብሮት እንዲስተናገድ፣ ከስድብም እንዲጠበቅ ይደነግጋል። ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብትም ይሰጠዋል። ወደዚህ መሄድ አልፈለግኩም ነበር። ለዚህ ነው እስካሁን በስልክ ስለምናችሁ የቆየሁት።

የመጀመሪያ ጥያቄያችን የስልክ ጥሪ ነበር። አሁን አይበቃም። አባታችን ደብረ ብርሃን ገብተዋል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አስፋልት ነው። እዚህ ሰፈር ድረስ ለመምጣት ቃል ገብታችሁ ቀርታችኋል፣ ስለዚህ እዚያ ድረስ ሄዳችሁ ይቅርታ ትጠይቃላችሁ። ሱፐርቫይዘሩ ብቻውን አይሂድ። ቃል የገቡት ምክትል ሥራ አስኪያጅ አብረውት ይሂዱ። ቀኑን ቀድማችሁ ንገሩኝ፣ እኔም እገኛለሁ። ሌላ ቅዳሜ ሲጠብቁ እንዲውሉ አልፈቅድም።

የዚያን ቀን የከፈልነው ገንዘብ ቀብዱን ጨምሮ ይመለስልን። በትክክለኛ ማሽን የታተመ ደረሰኝም ይሰጠን። ቅናሹን አንፈልግም፣ ከስማችን ላይ ሰርዙት። ይህን እየጻፍኩ ሳለ ደግሞ እህቴ አንድ ነገር ጨምር አለችኝ፣ ትክክል ነች። ሚዛኖቻችሁን በሁሉም ቅርንጫፍ ወደ ደንበኛው አዙሩ። ይህ ወጪ የለውም።

እስከሚቀጥለው ሰኞ መልስ እጠብቃለሁ። መልሱ በስልክ መልእክት ሳይሆን በእርስዎ ፊርማ በደብዳቤ ይሁን። ካልሆነ ይህን ደብዳቤ ለከተማው ንግድ ቢሮ፣ በእጅ የተጻፈውን ወረቀት ደግሞ ለገቢዎች አቀርባለሁ። ስልኬና አድራሻዬ ምክትል ሥራ አስኪያጁ ጋ አለ።

ከአክብሮት ጋር
የቦሌ ቅርንጫፋችሁ ደንበኛ