«የካንሰር ጂን» ስላላችሁት ነገር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ሰሞኑን የጤና ገጻችሁ ላይ «የካንሰር ጂን በደምዎ ውስጥ ይኖር ይሆን?» የሚል ርዕስ አወጣችሁ። ታናሽ ወንድሜ ገጹን ቀዶ፣ አጣጥፎ ኪሱ ከቶ ይዞልኝ መጣ። አባታችንን የነጠቀን የጨጓራ ካንሰር ነው። «በቃ እኛም አለብን ማለት ነው» አለኝ። ላብራቶሪ ስለምሠራ የምነግረውን ያምናል። እኔ ግን ርዕሱን ሳየው ደሜ ፈላ።

የጻፋችሁት ውሸት ነው አልልም። ግማሹን ተናግራችሁ ግማሹን ዋጣችሁት እንጂ።

ያነሳችሁት ጂን ኢንተርሉኪን 1 ቤታ የሚባለውን ፕሮቲን የሚያሠራው ነው። ነጭ የደም ሴሎች «ጠላት ገብቷል፣ ድረሱ!» የሚባባሉት በእሱ ነው። ጂኑ የሌለው ሰው የለም። ልዩነቱ፣ አንዳንዶቻችን ከወላጅ በወረስናት፣ በጂኑ መልእክት ውስጥ ባለች የአንዲት ፊደል ለውጥ ምክንያት ጩኸታችን ከሌላው ሊበረታ መቻሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው፣ በስኮትላንድና በፖላንድ ሰዎች ላይ የተሠራው ጥናት ይህን ለውጥ ከጨጓራ ካንሰር ጋር አያያዘው። እዚህ ድረስ ተስማምተናል።

ጩኸቱን የሚቀሰቅሰው ማን ነው? ጨጓራ ውስጥ የሚኖረው ኤች ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ ነው፤ እሱን ደግሞ በአንድ መስመር አለፋችሁት። ባክቴሪያው ከሌለ ጂኑ ጨጓራ ውስጥ ይህን ያህል የሚጮህበት ነገር የለውም። ባክቴሪያው ካለ ግን ይህ ፕሮቲን ሌላም ነገር ያደርጋል፤ የጨጓራን አሲድ ክፉኛ ያፍናል። አሲዱ ሲቀንስ ባክቴሪያው ከጨጓራው መውጫ ተነስቶ ወደ ዋናው ክፍል ይስፋፋል፣ ብግነቱ እዚያ ለዓመታት ይቆያል፣ የጨጓራው ግድግዳ እየሳሳ ይሄዳል፣ ካንሰሩም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው እንዲህ ከተጎዳ ቦታ ነው። የሚገርመው ደግሞ ተቃራኒው ነው። በዚሁ ባክቴሪያ ተይዘው አሲዳቸው የበዛባቸው ሰዎች የትንሹ አንጀት መግቢያ ላይ ይቆስላሉ፤ የጨጓራ ካንሰር ግን ከሌላው ተሸካሚ ያነሰ ያገኛቸዋል።

ደግሞስ ይህን ጂን ከጡት ካንሰር ጋር ከሚያያዘው ጂን ከብራካ 1 ጋር እኩል «የካንሰር ጂን» ማለት ምን የሚሉት ነው? የተበላሸ ብራካ 1 ከወረሱ ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዕድሜያቸው የጡት ካንሰር ይይዛቸዋል። ኤች ፓይሎሪን ግን ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ተሸክሞት ኖሯል፤ ካንሰር የሚደርስበት ከ100 ተሸካሚ ከ1 እስከ 3 ሰው ነው። የጂኑ ለውጥ ይህን ዕድል ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፣ ያውም በሁሉም ሕዝብ ላይ አይደለም። በኋላ እስያ ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች ብዙዎቹ ያንኑ ውጤት አላገኙም።

ለወንድሜ የነገርኩት ሌላው ነገር ይሄ ነው። ከቤተሰብ የሚወረሰው ጂን ብቻ አይደለም። ኤች ፓይሎሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘን በልጅነታችን፣ እዚያው ቤት ውስጥ፣ ከእናት ከአባት ከወንድም ከእህት ነው። ጂንህን መለወጥ አትችልም፣ ባክቴሪያውን ግን ማጥፋት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከደቡብ ኮሪያ የወጣ ጥናት ልክ እንደኛ ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት በጨጓራ ካንሰር የተያዘባቸውን የባክቴሪያው ተሸካሚዎች 9 ዓመት ገደማ ተከታተለ። ባክቴሪያውን የሚያጠፋ መድኃኒት ከወሰዱት 832 ሰዎች 10 ሰው፣ የይስሙላ ክኒን ከወሰዱት 844 ደግሞ 23 ሰው በካንሰር ተያዘ። ይህን ቁጥር ነበር ርዕስ ማድረግ!

እርማት እንድታወጡ እጠይቃለሁ። ቢያንስ የትንፋሽና የሰገራ ምርመራ እንዳለ ጻፉ፤ አንባቢ ደንግጦ የጂን ምርመራ ፍለጋ ከሚሮጥ ይሻላል።

ወንድሜ የሰገራ ምርመራውን አድርጎ ባክቴሪያው ተገኘበት። መድኃኒቱን ከጀመረ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። አፌን ብረት ብረት አለኝ እያለ ሲነጫነጭብኝ ነው የዋለው።

የዘወትር አንባቢያችሁ