ገረሱ ዱኪን ለማወቅ ጠመንጃቸውንም ማወቅ ያስፈልጋል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጣሊያን ወረራ ዘመን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ስለተዋጉት አርበኛ ስለ ደጃዝማች ገረሱ ዱኪ በተጻፈ ቁጥር ክርክሩ «ጀግና» እና «ሽፍታ» ላይ ይቀራል። ውጊያው እንዴት ይካሄድ እንደነበር የሚያነሳው ጥቂት ነው።

በጣሊያን ወረቀት ላይ «ሽፍታ» መባል ስድብ ብቻ አልነበረም። ሙሶሊኒ በግንቦት 28 ቀን 1928 ዓ.ም. የተማረከ አማፂ ሁሉ እንዲረሸን በቴሌግራም አዟል። አርበኛው ወታደር ከተባለ እንደ ጦር ምርኮኛ ሊያዝ ነው፤ ሽፍታ ከተባለ ግን መግደሉ የጸጥታ ማስከበር ሥራ ይሆናል። የጣሊያን ሪፖርት ሲጠቀስ ይህ ትእዛዝ አብሮ መጠቀስ አለበት።

አድፍጦ መትቶ መሰወርን ወራሪው ፈሪነት አለው። በአርበኛው እጅ የነበረውን መሣሪያ የሚያውቅ ግን እንዲህ አይፈርድም። ውጅግራ የሚባለው አሮጌ የፈረንሳይ ጠመንጃ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት ይጎርሳል፤ ባሩዱ ጥቁር ስለሆነ አንዴ ሲተኮስ ጭሱ ተኳሹ የተደበቀበትን ቁጥቋጦ ያጋልጣል። እዚያው ቦታ ሆኖ ደጋግሞ መተኮስ መትረየስ በራስ ላይ መጥራት ነው። ከጠላት የተማረከው የጣሊያን ጠመንጃ ካርካኖ ጭሱ ትንሽ ነው፤ ችግሩ ሌላ ነው። ጥይቱ 6.5 ሚሊ ሜትር በመሆኑ የውጅግራም የሞዜርም ጥይት አይሆነውም። ደግሞም ስድስት ስድስት ጥይት ከነብረት ማቀፊያው ይጎርሳል። የመጨረሻው ጥይት ሲገባ ባዶው ማቀፊያ ከሥር ይወድቃል። ተኳሹ በጥድፊያ ሳያነሳው ከሄደ፣ ኪሱ ጥይት ሞልቶም ቢሆን አንድ በአንድ እያጎረሰ ሊተኩስ ነው። በእንዲህ ያለ ትጥቅ ፊት ለፊት ቆሞ ቀኑን ሙሉ መዋጋት ጦርን ማስጨረስ ነው። አጭር ተኩስ፣ ከወደቀው ጠላት ትጥቁን ፈጥኖ ማራገፍ፣ ፈጥኖ መውጣት፦ የሚያዋጣው ይህ ነበር።

ስንቁ የገበሬው ነበር። የበቀል ቃጠሎውም ያረፈው በገበሬው ጎጆ ላይ ነው፤ የሱ ዕዳ ከሁሉም ወገን ትረካ ተረስቷል።

ገረሱን እንግሊዞች ደግሞ በሌላ ሂሳብ ያዩዋቸው ነበር። አዲስ አበባ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ከተያዘች በኋላ ጅማ ከሁለት ወር በላይ በጣሊያን እጅ ቆይታለች። በከተማዋ የታጨቀውን የጣሊያን ሲቪል መመገብና መጠበቅ ካሚዮንና ወታደር ይፈልጋል፤ የእንግሊዝ ጦር ያንን ሸክም ቶሎ ሊወስድ አልፈለገም። ዙሪያዋን አስጨንቆ የያዘው የገረሱ አርበኛ ነበር። በግንቦት መጨረሻ እንግሊዞች የኦሞን ወንዝ ሲሻገሩ የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ጄኔራል ጋዜራ ወደ ምዕራብ አፈገፈገ፤ ጅማም ሰኔ 14 እጇን ሰጠች። አምስት ዓመት አርበኛውን «ሽፍታ» ሲል የኖረው የጣሊያን ጦር ጅማ ላይ በመጨረሻ እጁን ለእንግሊዝ መስጠትን መርጧል፤ አርበኛውን ምን ያህል ይፈራው እንደነበር ከዚህ የበለጠ ምስክር አንፈልግም።

ስለዚህ ሰኔ 14ን ስታስታውሱ «ጅማን እንግሊዞች ነፃ አወጧት» ብላችሁ አትለፉት። ከበባውን የያዘው ማን እንደነበር፣ በምን መሣሪያና በማን ስንቅ እንደያዘው አብራችሁ አትሙ።

የታሪክ መምህራን
ከጅማ